ኮፈኗ አልከፈት ያለች ቮልስና የመሳለሚያው መካኒክ

የ2017 ዓ.ም. ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት ማደያ ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ፣ ቀጂው ልጅ «እትዬ፣ ይክፈቱልኝ» አለኝ። ከመሪው በስተግራ፣ ከክሩስኮቱ ሥር ያለችውን የኮፈን መጎተቻ ሳብኳት። መጣች። እስከነሽቦዋ መጣች። አንድ ስንዝር የምታህል ሽቦ ከጥቁሩ እጀታ ጋር መዳፌ ላይ ቀረች፤ ኮፈኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ከኋላዬ የተሰለፉት ጡሩምባቸውን ማስጮኽ ሲጀምሩ፣ ልጁ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሮ ጎንና ጎኗን ዳሰሰና «በሌላ በኩል አይቀዳም?» አለኝ።

አይቀዳም። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የእኔ ቮልስ በፈረንጆች አቆጣጠር 1966 የተሠራች 1300 ናት፤ አባቴ በ1963 ዓ.ም. ሁለተኛ እጅ የገዛት። ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ብዙዎች የማያውቁት፣ ከ1968 ሞዴል በፊት በተሠሩት ላይ የቤንዚን መቅጃው አፍም እዚያው ከፊት ኮፈን ሥር መሆኑን ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት በቀኝ ጎናቸው የራሱ መክደኛ ያለው መቅጃ አላቸው፤ የእኔዋ የላትም። ስኮርት ጎማው እዚያ ነው፣ የፍሬን ዘይቱ ማጠራቀሚያ እዚያ ነው፣ ክሪኩም እዚያ ነው። ስለዚህ ኮፈኑ እምቢ ያለ ዕለት የመኪናዋ ቀሪ ዕድሜ ታንኩ ውስጥ ባለው ቤንዚን ልክ ነው። መርፌዬ ደግሞ ባዶው ላይ ሊያርፍ ጥቂት ነበር የቀረው። ባይሆንማ መች እሰለፍ ነበር።

በዚያ ላይ ቅቤው አለ። ከማደያው በፊት ሾላ ገበያ ጎራ ብዬ ለፋሲካ ሦስት ኪሎ ለጋ ቅቤ ገዝቻለሁ። በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በፌስታል ታስሮ፣ በገዛ እጄ ስኮርት ጎማው ላይ አስቀምጬዋለሁ። የዚያን ዓመት ፋሲካ የሁለቱም እህቶቼ ቤተሰብ የሚፈስከው እኔ ቤት ነበር።

ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ሦስት ባለሙያ አየሁ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ የሠራሁ ሴት ስለሆንኩ የከፈልኩትንና ያገኘሁትን ጽፌ ይዣለሁ፤ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ቢጠቀምበት ብዬ ነው የማወጣው።

የመጀመሪያው ትልቅ ጋራዥ ነው፤ ስሙን አልጠራም። እንግዳ መቀበያው ንጹሕ፣ ወንበሩ ለስላሳ ነው። የሻንሲ ቁጥሯን ኮምፒውተር ላይ ቢያስገቡ ምንም አልመጣም፤ ቢመጣ ነበር የሚገርመኝ። ሁለት ወጣቶች ተያዩና አንደኛው ትልቅ ካቻቢቴ አምጥቶ የኮፈኑን ከንፈር ከታች ወደ ላይ ይፈለቅቅ ጀመር። «ልጄ፣ ቆይ» እስክል ድረስ ላሜራው እንደ ጣሳ ክዳን ታጠፈ፤ የአባቴ ነጭ ቀለም ተፈርፍሮ ወለሉ ላይ ወደቀ። መቆለፊያው ግን ምንም አልሆነ። ሊሆንም አይችልም። በኋላ እንዳየሁት ከኮፈኑ ሥር ወደ ታች የወጣ፣ ጣት የሚያህል ብረት አለ፤ ያ ብረት ፊት ለፊት ባለው መቆለፊያ ቀዳዳ ሲገባ ሞላ የሚገፋው ምላስ አንገቱን ይይዘዋል። ከንፈሩን የሚፈለቅቅ ሰው ላሜራውን ያጣምማል እንጂ ምላሱ ዘንድ አይደርስም።

ቀጥሎ አለቃቸው መጣ። «እናቴ፣ በግራይንደር ቆርጠን እንከፍተዋለን። ከዚያ ኮፈን ተፈልጎ ይቀየርና ይቀባል» አለኝ። ለመቁረጡና ለቀለሙ 18,000 ብር፤ ኮፈኑን ፈልጎ ማምጣት የእኔ ፋንታ ነው። ከሥሩ የቤንዚን ታንክ እንዳለ ነገርኩት። «ተጠንቅቀን ነው የምንሠራው» አለ። ጥንቃቄ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያውኑ ግራይንደር አያነሣም ብዬ ቁልፌን ተቀበልኩ። ለምርመራ 800 ብር ከፍያለሁ፤ ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ አለኝ። የተጣመመው ከንፈር ደረሰኙ ላይ አልተጻፈም።

ሁለተኛው ፒያሳ አካባቢ ቁልፍ የሚቀርጽ ልጅ ነው። ጎንበስ ብሎ አየና ሳቀ። «እትዬ፣ ቁልፍ ቀዳዳ የሌለውን ምን ላድርገው? ዲኤክስ ቢሆን የኋላውን መደገፊያ አውልቄ በዚያ እጄን እሰድድ ነበር። ይህ የሽቦ ጉዳይ ነው፤ ቮልስ የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ» አለኝና መሳለሚያ ያሉትን ሽማግሌ ጠቆመኝ። ሳንቲም አልተቀበለኝም። አልችልም ማለት የሚችል ባለሙያ ስንት ገንዘብ እንደሚያድን የሚያውቀው ከጋራዥ የመጣ ሰው ብቻ ነው።

ማታ ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ደወለ። ነገሩን ስነግረው «ከውስጥ በኩል በጨለማ የሚያበራ እጀታ አለው አይደል? እሱን መጎተት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ በእሱ አገር። አሜሪካ ውስጥ ከ2002 ሞዴል ወዲህ በሚሸጡ የቤት መኪኖች ላይ፣ ሰው ዕቃ መጫኛው ውስጥ ቢቆለፍበት ከውስጥ የሚከፍትበት ነገር እንዲኖር ሕግ ያስገድዳል። «ወንድሜ፣ እኔ ዘንድ ውስጥ ያለው ቅቤ ነው» አልኩት። ከዚያ እንደ ልማዱ ሸጠሽ ኤሌክትሪክ ግዢ ወደሚለው ተሻገረ፤ እኔም እንደ ልማዴ ኔትወርኩ ተቆራረጠብኝ።

የስቅለት ዕለት በታክሲ ወደ መሳለሚያ ወረድኩ። ከአውቶቡስ ተራ በኩል ሲመጣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ያለች የቆርቆሮ መጠለያ ናት። ታፔላ የላትም፤ በሩ ላይ የተሰቀለ የቮልስ ፓራፋንጎ አለ፣ እሱ ይበቃል። ዝግ ነበረች። ጥበቃው «ጋሼ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ ሲሰግዱ ነው የሚውሉት» አለኝ። እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ እዚያው ሄድኩ። ወደ ማታ ተመልሼ ስመጣ፣ ጋቢ የለበሱ፣ ጉልበታቸውን በእጃቸው እያሻሹ የሚራመዱ ቀጭን ሽማግሌ መጠለያዋን ሲከፍቱ አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ ዛሬ ጌታ የተሰቀለበት ቀን ነው። መዶሻና ምስማር አልነካም» አሉኝ ገና ሳልጨርስ። «ሽቦዋ አለችሽ?»

ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። እጀታዋን ይዘው ጫፏን ወደ ብርሃኑ አዞሩና በጥፍራቸው በተኑት። ጫፉ እንደ መጥረጊያ ተበትኗል። «አየሽ፣ ይህ ተበልቶ ነው የተበጠሰ። ከመቆለፊያው ብሎን አምልጦ ቢሆን ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ ነበር፤ ብሎኑ ይነክሰዋላ። እጀታው ሥር ቢበጠስ ደግሞ በፒንሳ ይዤ እስበው ነበር። አሁን ግን ቱቦው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ ፒንሳ አይደርስበትም። በፊት ለፊት ነው የምንገባው።» መኪናዋን ሳያዩ፣ ከአንድ ስንዝር ሽቦ ይህን ሁሉ አነበቡ። ጋራዡ ውስጥ ሽቦዋ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ማንም አላነሣትም።

ነገ በአራት ሰዓት እመጣለሁ አሉ። የመጡት በሰባት ሰዓት ነው። ስልካቸው ዝግ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ በርና መስኮት ስመላለስ ዋልኩ። ለዚህ ነጥብ ቀንሼባቸዋለሁ፣ ምንም እንኳ ሲመጡ ጭንቅላታቸው ላይ ያሰሩትን ቄጤማ ሳይ ቁጣዬ ቢበርድም። የቀዳም ሥዑር ቄጤማ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጡት። ከዓርብ ጀምሮ አክፍለዋል፤ ቡና እንኳ ላቀርብላቸው አልቻልኩም። ከኋላቸው ዕቃ ያለበት ማዳበሪያ የተሸከመ፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነበር።

ሥራው የተጀመረው በመዳፍ ነው። ኮፈኑን አፍንጫው ላይ ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን፣ ለቀቅ እያደረጉ አዳመጡ። የተጣመመውን ከንፈር ሲያዩ «ይህን ማን አደረገው?» አሉ፤ ስነግራቸው ምንም አልመለሱም፣ ምራቃቸውን ዋጡ ብቻ። ከማዳበሪያው ውስጥ ዘይት ያጠገበው፣ ከብስኩት ካርቶን የተቆረጠ ልኬት አወጡ። ከሌላ ቮልስ መቆለፊያ ላይ የተነሣ ነው፤ መሐሉ ላይ በእስክሪብቶ የተከበበች አንዲት ነጥብ አለች። ካርቶኑን ከኮፈኑ እጀታ ትክክል በታች፣ ከፓራውልቱ በላይ ባለው ላሜራ ላይ ለጥፈው በእርሳስ ምልክት አደረጉ። ለካ ያቺ ነጥብ ናት ዋጋው ሁሉ።

ከዚያ ትራፓኖ አወጡ፤ በእጅ የሚዞረውን፣ ጥርሳም ጎማ ያለውን፣ አናጢዎች ድሮ ይይዙት የነበረውን። መብራት አለ፣ የኤሌክትሪኩን ከጎረቤት ልዋስ ብላቸው «ቤንዚን ሁለት ቀን የተነፈሰበት የተዘጋ ሣጥን ነው። ብልጭታ አላስጠጋም» አሉ። መብሻውን ግራሶ ቀቡት፤ ብናኙ እንዲጣበቅበት ነው፤ በየጥቂቱ እያወጡ በጨርቅ ይጠርጉታል። ቀዳዳው የስድስት ሚሊ ሜትር ነው፤ እርሳስ እንኳ አያስገባም። ሲጨርሱ ልጁ በሁለት እጁ ኮፈኑን ወደ ታች ተጫነ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ጋራዡ ወደ ላይ እየጎተተ ምላሱን ይብስ አጣብቆት ነበር፣ እሳቸው ግን ወደ ታች አስጫኑትና ምላሱ ከሸክሙ ዐረፈ። ጋሼ ጫፉ በሞረድ የሳሳ ረጅም ካቻቢቴ በቀዳዳው ሰደዱ፤ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ሌባ ጣታቸውን ላሜራው ላይ አሳርፈው ወደ ጎን ገፋ አደረጉ።

«ልቀቅ» አሉት ልጁን።

ጧ።

ኮፈኑ አንድ ጣት ያህል ብድግ አለ። እኔ ያልኩት «ቅቤዬ» ነበር፤ ልጁ እስከ ዛሬ ሳይስቅብኝ አይቀርም።

ቅቤው ኮባውን አልፎ፣ ፌስታሉን አልፎ ስኮርት ጎማው መሐል ረግቷል። ሽታው ግን የቅቤ አልነበረም። ቤንዚን ካለበት ጋር የተቀመጠ ቅቤ ቤንዚን ይጠጣል፤ ይህን ማንም አልነገረኝም፣ እኔ ግን ለእናንተ እነግራችኋለሁ። እህቴ በጣቷ ቀምሳ «ዶሮ ወጡ ማደያ ማደያ ሊለን ነው» አለች። ጋሼ «ለፀጉር ይሆንሻል» ሲሉኝ ደስ ሊለኝ ነበር፤ ቀጥለው «ምድጃ አጠገብ አትቀመጪ እንጂ» አሉ። ሁለት ቀን ሙሉ እህል ባልቀመሰ አፍ ሲቀልዱ የሰማኋቸው ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ማታ እህቴ ከጎረቤት ቅቤ ተበድራ መጣች፤ ያኛውን ጣልኩት።

እዚህ ላይ ቢያቆሙ እንኳ ረክቼ እከፍል ነበር፤ አላቆሙም። መቆለፊያውን ፈትተው በቤንዚን አጠቡት፤ የወጣው ጥቁር ዝቃጭ አባቴ በሕይወት እያለ የተቀባ ግራሶ ሳይሆን አይቀርም። በአዲስ ግራሶ አሽተው መለሱት። የድሮውን ሽቦ ቁራጭ ከቱቦው ስበው አወጡና በምትኩ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ አስገቡ። ቅር ብሎኝ ነበር። የዚህች መኪና ምርት ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራ በኋላ በፈረንጆቹ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ቆሟል፤ ለእኔ ዓመት ሞዴል የሚሆን የኮፈን ሽቦ ሶማሌ ተራ ገብቶ ማግኘት ዕጣ እንደ ማውጣት ነው። የብስክሌቱ ሽቦ ግን በየትም ይገኛል፣ ይተጣጠፋል፣ ቶሎ አይዝግም ብለው አሳመኑኝ። ጫፉ እንዳይበተን በቆርቆሮ ቁራጭ ቆነጠጡት።

ቀጥለው ሁለተኛ ሽቦ አሰሩ። ይህ የማላውቀው ነገር ነበር። ከመቆለፊያው ምላስ ላይ ሌላ ቀጭን ሽቦ አስረው፣ ጎማ አልብሰው፣ በመኪናዋ ሥር በኩል ወደ ውጭ አወጡትና ጫፉን ቀለበት አድርገው ደበቁት። ዋናው ሽቦ ነገ ቢበጠስ ተንበርክኬ ያንን ቀለበት እስባለሁ፤ አለቀ። ቀለበቱ የት እንዳለ ግን አልጽፍም፤ ስኮርት ጎማዬን እወደዋለሁ። አሮጌ ቮልስ ያላችሁ፣ ኮፈናችሁ ዛሬ እየተከፈተ ሳለ ይህን አሠሩ። ተከፍቶ እያለ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፤ ከተዘጋ በኋላ የሚከፈለውን እኔ ከፍያለሁ።

የታጠፈውን ከንፈር በእንጨት ተደግፈው በትንሽ መዶሻ አቀኑት። ባቲላሜራ ስላልሆኑ ጎርበጥ ማለቱ አልቀረም፤ ራሳቸውም «እኔ የእጅ ሥራዬ ሽቦና ሞተር ነው፣ ላሜራ አይደለም» አሉ።

ሒሳቡ ይህ ነው። መክፈቻው 1,500 ብር፤ ሁለቱ ሽቦዎች ከነሥራው 700፤ ለከንፈሩ አልጠየቁም። ለልጁ የበዓል 300 ጨምሬ በድምሩ 2,500 ብር። ደረሰኝ የለም፤ ስጠይቃቸው እንደ ቀልድ አዩት። መሥሪያ ቤት የሚያወራርድ ሰው ይህን ይወቅ። ከጋራዡ 18,000 ጋር ሳስተያየው ግን እጄ ያለ ደረሰኝ ለመክፈል አልተንቀጠቀጠም።

ሌሎች ጉድለቶችም አሉ። ቮልስ ካልሆነ አይነኩም፤ ጎረቤቴ ኮሮላዋን ይዛ ብትሄድ «የእኔ ነገር አይደለም» ብለው መልሰዋታል፣ በትሕትና ሳይሆን። ወሬ ይወዳሉ። አንዲት ብሎን እየፈቱ የአንድ ሞተር ታሪክ ይተርካሉ፤ ታሪኩ ሳያልቅ ብሎኗ አትወጣም። ስልክ ከቀትር በኋላ ካልሆነ አይነሣም። የሚሻለው ጠዋት በአካል ሄዶ ለጥበቃው መልእክት መተው ነው፤ ጥበቃው ከስልካቸው ይልቅ የታመነ ነው። ሲሄዱም የተበጠሰውን ሽቦ ይዞ መሄድ ነው፣ ቁራጭም ቢሆን።

ሥራው እንዴት ሰነበተ ለሚል፣ ክረምቱ አልፎበታል። ቀዳዳውን በጎማ ውታፍ ደፍነውት ነበር፤ በነሐሴ ዝናብ ሁለት ጊዜ ከፍቼ አየሁት፣ ስኮርት ጎማው ሥር ጠብታ የለም። መጎተቻዋ እንደ ቅቤ ናት፤ ይቅርታ፣ ሌላ ምሳሌ አጣሁ። ሁለተኛውን ሽቦ በየወሩ አንድ ጊዜ እየተንበረከክሁ እሞክረዋለሁ፤ እስካሁን አልከዳኝም።

ልጁ ውታፉን የመኪናዋን ቀለም ላስመስለው ብሎ ነጭ ቀብቶት ነበር የሄደው። ነጭ ለካ ስንት ዓይነት ነው። የእሱ ነጭ የወተት፣ የአባቴ ነጭ የዝሆን ጥርስ ነው፤ ከሩቅ የወፍ ኩስ ይመስላል። ሁለት ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ ልጠርገው ሞክሬያለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ መኪና አጣቢው ልጅ በጥፍሩ ሲፈገፍገው ደረስኩበት።